የወለተሐና ግራ

ወለተሐና ባጃጅ ተሳፍራ ሳትሳሳት ቤቷ የደረሰችበት ቀን ጥቂት ነው። ሾፌሩ መገንጠያው ላይ ሲደርስ ግራ ነው ቀኝ ብሎ ይጠይቃታል፤ እሷ ቀኝ ትላለች፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ደግሞ ወዴት ነው የምትወስደኝ ብላ ትቆጣዋለች። ቤቷ ከመገንጠያው በስተግራ ነው። ጠፍቷት አይደለም፤ የተወለደችበት ግቢ ነው፤ ዓይኗን ጨፍና ትሄድበታለች። የጠፋት ቃሉ ነው። ጅግጅጋ ውስጥ የቆዩት ባጃጆች ልማዷን ስለሚያውቁ ያለችውን ሰምተው በተቃራኒው ይታጠፉ ነበር። ከመካከላቸው አንዳንዱ በሶማልኛ ይጠይቃታል። በሶማልኛ ስትጠየቅ አትሳሳትም። «ቢዲሕ» ትላለች፤ ግራ ማለት ነው። «ሚዲግ» ስትል ደግሞ ያለ ጥርጥር ቀኝ ነው።

ይህን ነገር ብዙ ዓመት እንደ ቀልድ ስንቀባበለው ኖርን። እኔ ፊት ለፊቷ ነው የምኖረው። ዩኒቨርሲቲ ስለ አእምሮና ስለ ዕውቀት ብዙ አንብቤ ወጥቻለሁ፤ ኋላም ያነበብኩትን ለሌሎች ሳስተምር ኖሬአለሁ። ሆኖም አንዲት ሴት በአንዱ ቋንቋ ግራና ቀኟን እያወቀች በሌላው የምትስትበትን ምክንያት ለመጠየቅ ያሰብኩት እሷ ከታመመች በኋላ ነው።

ምክንያቱ ሩቅ አልነበረም። ወለተሐና ግራኝ ሆና ተወለደች። አያቷ ከጦሩ ጋር መጥተው እዚሁ የቀሩ ወታደር ነበሩ፤ አባቷም የዚያው ጦር ሰው። ፊደል የቆጠረችው በቤተክርስቲያኑ ግቢ ነው። የኔታ ግራ እጇ ፊደሉ ላይ ሲያርፍ ባዩ ቁጥር በገዛ ነጠላዋ ጫፍ እጇን ከወገቧ ጋር ያስሩት ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም። ጠዋት ጠዋት በቀኝ አውለን እያለ የሚጸልይ ሕዝብ ልጁን በግራ ስትውል ዝም ብሎ ሊያያት አይችልም፤ በጎቹ በቀኝ ፍየሎቹ በግራ እንደሚቆሙም ተጽፏል። ቀኝ የትኛው ነው ተብላ ስትጠየቅ የምታነሳው የሚያሠራትን እጅ ነበር፤ አርጩሜው እዚያው ላይ ያርፋል። አማርኛዋ ውስጥ ግራና ቀኝ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ተደባልቀው ቀሩ።

ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ የሙልኪ ቤት ነበር። ሙልኪ እኩያዋ ናት። ሁለቱ ግቢዎች የሚጋሩት የጭቃ ግድግዳ ክንድ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለችው፤ ማን እንደበሳት የሚያስታውስ የለም። በዚያች ቀዳዳ እሳት፣ ጨው፣ የግመል ወተትና ወሬ ሲያልፍ ኖሯል። ወለተሐና ሶማልኛን የተማረችው በዚያ በኩል ነው፤ መማር እንኳ አይባልም፤ ከአማርኛው ጋር አብሮ ገባ። በሙልኪ ቤትም ምግብ በቀኝ እጅ ነው የሚበላው። የሙልኪ እናት ደሃቦ የልጅቱን ግራ እጅ ከማዕዱ ቀስ ብላ እያነሳች ቀኙን ትተካበት ነበር። ይህን ስታደርግ ግን «ጉሬይ» እያለች ትስቅላት ነበር። በሶማልኛ ግራኝ ማለት ነው። በእኛ ቤት ግራኝ ሲባል የተቃጠለ ቤተክርስቲያን ትዝ ይላል፤ በእነሱ ቤት ያው ቃል የጀግና ቅጽል ነው። አንዲት ልጅ በአንድ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ በዚያው እጇ ስትሰደብና ስትመሰገን አደገች።

እጇ ራሱ ክርክሩ ውስጥ አልገባም። ይጽፍ የነበረው ቀኟ ነው፤ እየተጣመመም ቢሆን ጻፈ። ሌላውን ሁሉ ግራዋ ሲሠራ ኖረ።

ሥራ የያዘችው ቴሌ ነው፤ ስልክ በእጅ በሚገናኝበት ዘመን። ከሐረርና ከድሬዳዋ የሚመጣውን ጥሪ ተቀብላ ገመዱን ቀዳዳው ላይ እየሰካች ከጅግጅጋና ከቀብሪበያ ሰዎች ጋር ታገናኝ ነበር። በግራ እጇ ስለምትሰካ ገመዶቿ ከጎረቤቷ ኦፕሬተር ገመዶች ጋር ይሻገራሉ። አለቃዋ ይቺ ልጅ አንድ ቀን ኦጋዴንን ከጎጃም ጋር ታጋባብናለች ይል ነበር ይባላል። ደንቡ የማይፈቅደውን ነገርም ትሠራ ነበር። በአንዱ ጫፍ አማርኛ የማይሰማ የከብት ነጋዴ፣ በሌላው ጫፍ ሶማልኛ የማይሰማ የመሥሪያ ቤት ሹም ሲጋጠሙባት መሃል ገብታ ታስተረጉማለች። ሲጨቃጨቁ የሁለቱንም ስድብ ታለሳልሳለች። ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ ለሁለቱም በየቋንቋቸው ሦስት ደቂቃ ሞልቷል፣ ይቀጥላሉ ትላለች። ሶማልኛውን በዚህ በኩል ነው የምሰማው፣ አማርኛውን በዚህ፣ እያለች ሁለቱን ጆሮዎቿን ታሳይ ነበር። እስቅ ነበር።

ባሏ ኃይለልዑል የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበር። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ እሱ ያለበት ልቅሶ እንኳ ይደምቃል። ሚስት ከግራ ጎን ተገኘች እንደሚባለው፣ እሱም ግራ ጎኔ ይላታል፤ የእኔዋ ግን ሁለት ጊዜ ግራ ናት፣ እግዜር ሲፈጥራት ሳያውቅ ደገመው እያለ ይቀልዳል። ስልሳ ሳይሞላው ስትሮክ መታው። የአንጎሉ ግራ ክፍል ነው የተጎዳው አሉ፤ ቀኝ እጅና እግሩ ከዳው፤ ያ ሁሉ ጨዋታም ጠፋ። የቀረችው አንዲት ቃል ናት፤ «እንግዲህ»። ሲርበው እንግዲህ፣ ሲያመው እንግዲህ፣ ሰው ሲመጣ እንግዲህ፣ ሰው ሲሄድ እንግዲህ።

አንድ ልጅ አላቸው፤ ፋኑኤል። በሰባት ዓመቱ አዲስ አበባ አክስቱ ዘንድ ተልኮ እዚያው ተምሮ እዚያው ሥራ ያዘ። ጅግጅጋ ለእሱ የክረምት አገር ናት። አባቱን ለሕክምና ወሰደው፤ ሕክምናው ሲያልቅም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ቤቱ አስቀመጠው። መልካም ልጅ ነው፤ ያጎደለው አልነበረም። ኃይለልዑል ዓመት ያህል መስኮት ላይ ተቀምጦ ወደ ታች እያየ እንግዲህ ሲል ቆየና እዚያው ዐረፈ። ወለተሐና አስከሬኑን ተቀብላ ቀበረችው፤ ስለዚያች ዓመት ግን ለልጇ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ከዚያ 2010 ዓ.ም. መጣ፤ ሐምሌ መጨረሻ። በዚያ ሰሞን ከተማዋ ውስጥ የሆነውን የነበረ ሰው ያውቀዋል፤ ላልነበረ ሰው መንገርም አይቀናኝም። ወለተሐና የሰነበተችው በሙልኪ ጓዳ ነው፤ ጎዳናው እስኪረጋጋ ድረስ አማርኛ ከአፏ አልወጣም። ፋኑኤል መንገዱ ሲከፈት መጣና ይበቃሻል፣ ቤቱን ሽጠን ከእኔ ጋር ኑሪ አላት። እምቢ አለችው። ለማንኛውም ብሎ የውክልና ወረቀት አስፈረማት። ልጁ ይረጋጋ ብላ በዚያ በተጣመመ ቀኝ እጇ ፈረመች። ቤቷ ውስጥ ግን ቀረች። ብዙ ሰው ሄደ፤ ጥቂቱ ተመለሰ፤ እሷ ከቀዳዳዋ አጠገብ አልተነሳችም።

ሕመሙ የመጣባት በ2015 ሚያዝያ ላይ ነው። ሙልኪ ያን ሰሞን አልነበረችም፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ ደወሌ ጉምሩክ የሚሠራው ልጇ ሚስቱ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ ሄዳለች። ጠዋት የወለተሐና በር ሳይከፈት ረፈደ። ጎረቤት ተሰብስበን ስንገባ አልጋዋ ሥር ወድቃ አገኘናት፤ ዓይኗ ክፍት ነው፤ ቀኝ ጎኗ አይንቀሳቀስም። ሆስፒታል ወሰድናት። ፋኑኤል በማግስቱ በአውሮፕላን ደረሰ።

ያከማት ሐኪም ዐብዲጀባር ይባላል፤ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሶማሌ ነው፤ አማርኛው የተጣራ ነው። የጭንቅላቷን ፎቶ እያሳየ የተጎዳው ግራው የአንጎል ክፍል ነው አለን። ፋኑኤል ይህን ሲሰማ ፎቶውን ከሐኪሙ እጅ ተቀበለ። የአባቴም እንደዚሁ ነበር፣ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ብቻ ነው የቀረው አለ።

ሐኪሙ አንዱን በሌላው አትለካ አለው። ግራኝ መሆኗን ስነግረው ኮሪደሩ ላይ ቆመን ረዘም አድርጎ ያስረዳን ያዘ። የሰው አንጎል ሁለት ክፍል ነው፤ ግራው ቀኝ እጅን ያዛል፣ ቀኙ ግራን። ንግግር በብዙው ሰው ዘንድ ወደ ግራው ክፍል ያደላል። በአብዛኞቹ ግራኞችም እንደዚያው ነው፤ ነገር ግን ንግግር በሁለቱም በኩል ተከፋፍሎ ወይም ጭራሽ በቀኝ በኩል የሚገኝባቸው ሰዎች ከግራኞች መካከል በዛ ይላሉ። ሴትና ወንድን ያነጻጸሩ ጥናቶችም አሉ፤ የሴቶቹ ሁለት ክፍሎች በአማካይ ከወንዶቹ ይልቅ ሥራ ይጋራሉ የሚሉ አሉ፣ ልዩነቱን ፈልገው ያጡም አሉ፤ ቢኖርም ትንሽ ነው፣ በሁለት ሴቶች መካከል ያለው ይበልጣል። ዕድሜም የራሱ ነገር አለው። ወጣት ሳለ በአንድ ወገን ይሠራው የነበረውን ሥራ አንጎል ሲያረጅ ሁለቱንም ወገን ጠርቶ የሚሠራበት ጊዜ አለ። መረዳዳት ነው የሚሉ አሉ፤ የቀድሞው የሥራ ክፍፍል መላላቱ ነው የሚሉም አሉ። እርጅና ራሱ ግን ለማገገም አይረዳም፣ ይህን አልደብቃችሁም አለ።

ፋኑኤል አቋረጠው። እናቱ ሴት፣ አሮጊትና ግራኝ በመሆኗ ዕድለኛ ናት ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ድምፁ ውስጥ ምሬት ነበረ።

«ዕድለኛ አላልኩም» አለው ሐኪሙ። «እንጠብቅ ነው ያልኩት። አማካይ የሚባለው ሰው አልጋ ላይ ተኝቶልኝ አያውቅም።»

ከሄደ በኋላ ያሰብኩት ስለዚያው ነው። ሴትነት፣ እርጅና፣ ግራኝነት፤ እኛ አገር ሦስቱም ሰው ከፍርድ ሸንጎ ፊት ሲቆም ዋጋውን የሚያስቀንሱ ነበሩ። የሴት ምስክርነት ይቀንሳል፤ የሸመገለች ሴት ጃጅታለች ትባላለች፤ ግራ እጅ ሰላምታ እንኳ አይሰጥበትም። አሁን ሦስቱ ተደምረው ምናልባት የምትባል ጠባብ በር ሊከፍቱላት እንደሚችሉ ሰማን። ተፈጥሮ የእኛን ሚዛን አልሰማችም ማለት ነው፤ ወይም ደግሞ ሚዛን የላትም። ሁለተኛው እውነት ሳይሆን አይቀርም።

መናገር የጀመረችው ከሳምንት በኋላ ነው። ሐኪሙ እየመረመራት ነበር። በቀኝ እጇ ላይ ጣቱን አሳርፎ እማማ፣ ይሄ የትኛው እጅዎ ነው አላት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ምላሷ ከብዷታል፤ ከአፏ የወጣው አንድ «ግ» እና አንድ «ር» ነው፤ በመካከሉና በመጨረሻው ያለው ድምፅ በትንፋሽ ጠፍቷል። ግራ እጇን አንስታ ወደ መስኮቱ ጠቆመች። ደገመችው። ሐኪሙ ግራ ነው የምትለው አለ። ስለ ቀኝ እጇ ነበር የጠየቃት፤ ስለዚህ ስታለች ማለት ነው። ፋኑኤልም ግራ ብሎ ሰማ። እኔም የሰማሁት እሱን ነው። መርፌ ልትሰጥ የገባችው ነርስ ሳትቀር ግራ ግራ አለች ብላ ተናገረች።

ከዚያ በኋላ ለሁሉም ነገር መልሷ ያችው ቃል ሆነች። ውኃ ላምጣልሽ ሲሏት ግራ። ያምሻል ወይ ሲሏት ግራ። ሌላ ከአፏ የሚወጣ አልነበረም፤ በአማርኛ የተነገራት ሁሉ የገባትም አይመስልም፤ ዓይኗን ከአንዱ ከንፈር ወደ ሌላው እያዞረች ታያለች። እነሆ ብሎ ፋኑኤል ወደ እኔ ዞረ፤ አባቴ እንግዲህ ነበር የቀረው፣ ለእሷ ደግሞ ግራ። ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ ስልክ ሲያወራም ሰማሁት። እማዬ ግራ ገብቷታል፣ ሰው አታውቅም እያለ ነበር። አማርኛ እንዲህ ነው የሚያደርገን። ያልገባን ነገር ሁሉ በግራ በኩል እንደሚገባ አድርጎ አስተምሮናል፤ ቃሉ ራሱ ምርመራውን ጨርሶ ውጤቱን ይዞ ይመጣል።

ቤቱን የሚፈልግ ነጋዴ ቀድሞም ነበረ። ፋኑኤል ውክልናው በእጁ ስለነበር ነገሩ አልዘገየም፤ ቃል ተሰጣጡ፤ ውሉ ሰኞ ሊፈረም፣ ማክሰኞ እናትና ልጅ ሊበሩ ተቆረጠ። ጥቂት ይቆይ አልኩት። ጋሼ፣ ማን ያስታምማታል አለኝ፤ እርስዎ ራስዎ ምርኩዝ ይዘው ነው የሚሄዱት። እውነት ነው። ቅዳሜ ዕለት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጇን ይዞ አዲስ አበባ ከእኔ ጋር እንሄዳለን እሺ እማዬ አላት። ከሁሉም ቃል አዲስ አበባ የምትለዋ ሳትገባት አልቀረችም። እጇን ነጥቃ ያችን ቃል እየደጋገመች አለቀሰች። ልጁም አለቀሰ። አንዳቸው ሌላው ለምን እንደሚያለቅስ አያውቅም።

ሙልኪ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደረሰች። መታመሟን ድሬዳዋ ላይ ነው የሰማችው፤ ቤቷ ሳትደርስ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ መጣች፤ የደወሌ ዕቃ የያዘ ማዳበሪያዋን እንኳ ከእጇ አላወረደችም። ማንንም ሰላም ሳትል አልጋው አጠገብ ቆመችና በሶማልኛ አባዮ፣ ሰው ከመንገድ ሲገባ ተኝተሽ ነው የምትቀበይው አለቻት። አባዮ እህቴ ማለት ነው።

ወለተሐና ፊቷ ተለወጠ። ቀስ እያለች፣ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው አንድ አንዱን ቃል እያነሳች መለሰች።

«ጉሪገይጋ… ኢ ጌ።»

ሙልኪ ማዳበሪያዋን ጥላ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። እስክታለቅስ ሳቀች፤ ወይም መጀመሪያ አልቅሳ ነው የሳቀችው፤ አልለየሁም። ፋኑኤል ምን አለች ብሎ ጠየቃት፤ ግራ ግራ ብቻ ነው የምትለው አላት።

«የምን ግራ?» አለች ሙልኪ። «ጉሪ ነው የምትልህ፤ ቤት። ቤቴ ውሰዱኝ ነው የምትለው። ጆሮ የላችሁም እንዴ እናንተ ሰዎች?»

ዐብዲጀባር ተጠርቶ መጣ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ለመጀመሪያ ጊዜ በሶማልኛ አነጋገራት፤ ሆዮ፣ እናቴ ብሎ። ቀኝ እጇን ነክቶ የትኛው ነው አላት። ሚዲግ አለች። ግራውን ነካ። ቢዲሕ አለች። ዓይንሽን ጨፍኚ አላት፣ ጨፈነች። ይህ ልጅ ማነው አላት፤ ፋኑኤልን በግራ እጇ አሳይታ ዊልከይጋ አለች፤ ልጄ። ሐኪሙ ካርዷን አንስቶ ስሟን ሲያነብ ቆየ።

«ወለተሐና የሚል ስም አይቼ በአማርኛ ጠየቅኋት» አለ ቀስ ብሎ። «በእናቴ ቋንቋ ስትለምነኝ ከርማለች።»

አማርኛዋ ጠፍቶ ሶማልኛዋ ቀድሞ ለምን እንደመጣ ጠየቅሁት። አይታወቅም አለ። ሁለት ቋንቋ በሚናገር ሰው ላይ አንዱ ቀድሞ ሲመለስ ይታያል፤ የትኛው እንደሚቀድም ግን አስቀድሞ መናገር አይቻልም፤ ግራኝነቷ ይሁን፣ ሴትነቷ ይሁን፣ ዕድሜዋ ይሁን፣ ወይም ከእነዚህ አንዱም አይሁን፣ የሚያውቅ የለም፤ አማርኛውም ከቀን ወደ ቀን ሊመለስ ይችላል። የተማረ ሰው አላውቅም ሲል ደስ ይለኛል። እኔ ደግሞ የየኔታን ነጠላ አሰብኩ፤ የታሰረውን እጅና ያልታሰረውን። ይህ ሐሳብ ግን ያምራል እንጂ ማስረጃ የለውም፤ ያማረ ሐሳብ ደግሞ ብዙ ጊዜ አታሎኛል።

ፋኑኤል ጥጉ ላይ ቆሞ ነበር። ወደ አልጋው ቀረበና ሙልኪን ጠይቂልኝ አላት። ሙልኪ በእናትና በልጅ መካከል ተቀመጠች። አዲስ አበባ ከእኔ ጋር ብትኖሪ ምን ይጎድልብሻል አለ ልጁ። ሙልኪ አሻገረችው። ወለተሐና ብዙ ቆየች፤ ቃላቱ አንድ በአንድ መጡ። ሙልኪ ሰማችና ወደ ልጁ መለስ ሳትል የአልጋ ልብሱን አስተካከለችላት።

«እትዬ ሙልኪ፣ ምን አለች?»

«አባትህን ወስደህ መስኮት ሰጠኸው ነው ያለችው።»

ሙልኪ ወዲያው የራሷን ጨመረች፤ እሷ መስኮት አትፈልግም፣ ቀዳዳ አላት አለችው። ምግብ ከእኔ ቤት በቀዳዳው ያልፋል፤ እኔ ቤት ያለችው ልጃገረድ ከእሷ ጋር ታድራለች፤ ሰውነት የሚያሠራውን ባለሙያ አንተ ትከፍላለህ፤ አንተ ልጅ አይደለህ እንዴ አለችው። ማን ያስታምማታል ብሎ ያሰበውን ሳይጠይቃት መለሰችለት። ልጁ ሌላ ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት ሙልኪ እጇን አነሳችና በአማርኛ፣ የድሮዋን ኦፕሬተር ድምፅ አስመስላ፣

«ሦስት ደቂቃ ሞልቷል፤ ይቀጥላሉ?» አለች።

ወለተሐና ሳቀች። ቀኝ ጉንጯ አልታዘዘም፤ የሳቀችው በግራዋ ነው። አማርኛ ነበር የተነገረው።

ፋኑኤል ስልኩን ይዞ ወጣ። ለነጋዴው ምን እንዳለው አልሰማሁም፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ይቅርታ የሚለው ቃል ግን ሁለት ሦስቴ ተደገመ። ተመልሶ ሲገባ ሐኪሙን መቼ ትወጣለች ብሎ ጠየቀው እንጂ ሌላ አልተናገረም። ማክሰኞ ብቻውን እንደሚበር ነገረኝ፤ በኋላ ያንንም አስተላለፈው።

ከሆስፒታል በወጣችበት ቀን ባጃጅ ጠራንላት። ፋኑኤል ደግፏት ከኋላ ተቀመጠ፤ እኔ በሌላው ጎኗ። ሙልኪ አልጋ ልታነጥፍ ቀድማ ሄዳለች። ሾፌሩ ከቱሊ ጉሌድ በቅርቡ የመጣ ሶማሌ ነው፤ ሰፈራችንን አያውቅም፣ የወለተሐናንም ልማድ አልሰማም። መገንጠያው ላይ ደርሶ ፍጥነቱን ቀነሰና በአማርኛ ግራ ነው ቀኝ አለ። ፋኑኤል ሊመልስ ሲል ወለተሐና ቀደመችው። ያው «ግ» እና ያው «ር» ከአፏ ወጣ፤ የመጨረሻው ድምፅ በሞተሩ ጩኸት ተዋጠ።

ሾፌሩ መሪውን ወደ ግራ አዞረ። የሰማው ግራ ይሁን ጉሪ ማናችንም አልጠየቅነውም።